ታት እና ሬቭ፦ ኤችአይቪ የራሱን አርኤንኤ የሚለይበት መንገድ

ኤችአይቪ ወደ ሰው ህዋስ ገብቶ ጂኖሙን ከህዋሱ ዲኤንኤ ጋር ካጣበቀ በኋላ ዋናው ሥራው ገና ይጀምራል። የቫይረሱ ጂኖም ቢበዛ 9,700 ኑክሊዮታይድ ያህል ነው፤ የያዛቸው ጂኖችም ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ህዋሱ በበኩሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የራሱን ጂኖች ያለ ማቋረጥ ወደ አርኤንኤ ይገለብጣል። በዚህ ግርግር መካከል የቫይረሱን አርኤንኤ ለይተው የሚይዙ ሁለት ትንንሽ ፕሮቲኖች አሉ፤ ታት እና ሬቭ ይባላሉ። ታት የተጀመረው ግልበጣ መንገድ ላይ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ሬቭ ደግሞ ረጅሙ የቫይረስ አርኤንኤ ተቆራርጦ ሳያልቅ ከኒውክለስ እንዲወጣ ያደርጋል። ሁለቱም ኢንዛይም አይደሉም፤ የሚቆርጡትም የሚቀጥሉትም ነገር የለም። ሥራቸው መያዝና ሌላ መጥራት ነው። ያም ሆኖ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ቫይረሱ አይራባም።

ለይተው የሚያውቁት እንዴት ነው? ጥያቄው በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲነሳ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ተዋናዮች ብቻ ነበሩት፦ አንድ ፕሮቲንና አንድ አርኤንኤ። ከዚያ ወዲህ የተከማቸውን ሥራ ከዳር እስከ ዳር ሳየው መልሱ የተሟላው ሦስተኛ አካል በገባ ቁጥር ይመስለኛል። ለታት ሦስተኛው የህዋሱ ፕሮቲን ነው፤ ለሬቭ ደግሞ ሌላ ሬቭ ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ችግሩ ራሱ ለምን ከባድ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ዲኤንኤን ለሚያነቡ ፕሮቲኖች ነገሩ ቀላል ነው። የዲኤንኤ ድርብ ጥምዝ በጎኑ ሰፊ ቦይ አለው፤ የፕሮቲኑ ጥምዝ እዚያ ገብቶ የቤዞቹን ጠርዝ በቀጥታ ይዳስሳል። አርኤንኤ ድርብ ሲሆን ግን መልኩ ይለወጣል። ብዙ መረጃ የሚነበብበት ዋናው ቦይ ጥልቅና ጠባብ ስለሚሆን ፕሮቲን አያስገባም። ሌላኛው ቦይ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው፤ በዚያ በኩል ግን አንዱን የቤዝ ጥንድ ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ እንከን የሌለው የአርኤንኤ ዘንግ ለፕሮቲን ብዙም የሚነግረው ነገር የለም። የሚረዳው እንከኑ ነው። ጥንድ ያጡ ቤዞች ወደ ጎን ሲያብጡ፣ ወይም ጂ የተባለው ቤዝ ከሌላ ጂ ጋር ከደንቡ ውጭ ሲጣመር፣ ጠባቡ ቦይ ይከፈታል። ታትም ሬቭም የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ቦታ ነው።

ከታት እንጀምር። በ1985 ቦስተን የነበረው የዊልያም ሃዝልታይን ቡድን ከግልበጣው መነሻ አጠገብ ለታት ምላሽ የምትሰጥ አጭር ክፍል እንዳለች አሳየ፤ ታር የሚል ስም ወጣላት። ክፍሏ የምትሠራው በዲኤንኤነቷ ይሁን በአርኤንኤነቷ ለተወሰነ ጊዜ አከራክሯል። በ1989 ግን ነገሩ ለየለት፦ ታት የሚይዘው ገና ከግልበጣው ማሽን እየወጣ ያለውን አርኤንኤ ነው። በዚያው ዓመት በካምብሪጅ የጆናታን ካርን ቡድን ታት ያለ ሌላ ረዳት ታርን በቀጥታ እንደሚይዝ በመሞከሪያ ቱቦ አሳየ።

ታር 59 ኑክሊዮታይድ ያህል ርዝመት ኖሮት ተጣጥፎ ግንድና ቀለበት የሚሠራ አርኤንኤ ነው፤ በቫይረሱ ግልባጮች ሁሉ ራስ ላይ ይገኛል። ግንዱ መካከል ዩ፣ ሲ እና ዩ የሆኑ ሦስት ጥንድ አልባ ቤዞች ያበጡበት ቦታ አለ፤ አናቱ ላይ ደግሞ ስድስት ቤዝ ያለው ቀለበት። ታት የሚይዘው እብጠቱን ነው። የሚይዝበት የራሱ ክፍል ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ብቻ ሲሆን ስድስቱ አርጂኒን፣ ሁለቱ ላይሲን፣ አንዱ ግሉታሚን ናቸው።

ይህን ዝርዝር ላየ ሰው ጥርጣሬው ወዲያው ይመጣበታል። አርጂኒንና ላይሲን ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው፤ አርኤንኤ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ኔጌቲቭ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ያገኘውን አርኤንኤ ሁሉ መጨበጥ አለበት፤ ታዲያ ምርጫው ከየት ይመጣል? በ1991 አለን ፍራንክል እና ባልደረቦቹ ለዚህ ያገኙት መልስ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። በክፍሉ ውስጥ ያሉትን አርጂኒኖች በላይሲን እየተኩ ሲሞክሩ፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ የቀረች አንዲት አርጂኒን ብቻ እንኳ ምርጫውን ትጠብቃለች። ላይሲን ያንኑ ያህል ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፤ ግን እሷን አይተካም። ልዩነቱ ያለው በአርጂኒን ጫፍ ቅርጽ ነው፦ ጠፍጣፋና ሰፊ ስለሆነ በአንድ ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ ብዙ የሃይድሮጂን ቦንድ መሥራት ይችላል። ቻርጁ ያቀራርባል፤ የሚለየው ግን ቅርጹ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ጆሴፍ ፑግሊሲ፣ ጄምስ ዊልያምሰን እና የፍራንክል ቡድን ይህ እንዴት እንደሚሆን ኤንኤምአር በተባለው የመዋቅር ማያ ዘዴ አዩ። የተጠቀሙት ሙሉውን ፕሮቲን ሳይሆን የአርጂኒን የቅርብ ዘመድ የሆነች አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ነበር። ሞለኪውሏ ከመግባቷ በፊት ታር እብጠቱ ጋ የተጠማዘዘ ነው፤ ጥንድ አልባዎቹ ቤዞች በግንዱ ውስጥ ተደርድረዋል። ስትገባ ግን የእብጠቱ የመጀመሪያ ዩ ተነስታ ወደ ቦዩ ትሄድና ከላይ ካለው የኤ-ዩ ጥንድ ጋር ሦስት ሆነው ይያያዛሉ። ሁለቱ የግንዱ ክፍሎችም ወደ አንድ መስመር ይመጣሉ። አርጂኒኗ ከዚያ ሥር ካለችው ጂ ጋር ትገጥማለች፤ ዩዋ እንደ ክዳን ትሆናታለች። አርጂኒን የምትይዘው ቦታ አርጂኒን ከመምጣቷ በፊት በዚያ ቅርጹ አልነበረም ማለት ነው። በእብጠቱ መካከል ያለችው ሲ ብዙ ድርሻ የላትም፤ በኤችአይቪ-2 ታር ላይ እብጠቱ ሁለት ቤዝ ብቻ ሆኖ ሥራው የሚቀጥለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቢቆም ውብ ታሪክ ነበር። ግን አንድ የሚቆረቁር ነገር ቀርቷል። በመሞከሪያ ቱቦ ውስጥ ታት ታርን ለመያዝ አናቱ ላይ ያለውን ቀለበት አይፈልግም፤ ቀለበቱ ተለውጦም ይይዛል። በሕያው ህዋስ ውስጥ ግን ቀለበቱ ከተለወጠ ታት ምንም አይሠራም። ሁለተኛ እንቆቅልሽ ደግሞ ከአይጥ ህዋስ መጣ። ታት በአይጥና በሃምስተር ህዋሶች ውስጥ ደካማ ነው፤ የሃምስተር ህዋስ ከሰው 12ኛው ክሮሞዞም ሲጨመርለት ግን ይበረታል። በዚያ ክሮሞዞም ላይ ታት የሚፈልገው አንድ የሰው ፕሮቲን መኖር ነበረበት።

ፕሮቲኑ በ1998 ተገኘ። በሶልክ ኢንስቲትዩት የካትሪን ጆንስ ቡድን ታት ሳይክሊን ቲ1 ከሚባል ፕሮቲን ጋር እንደሚጣመር አሳየ፤ ሳይክሊን ቲ1 ሲዲኬ9 ከተባለ ኢንዛይም ጋር ተጣምሮ ፒ-ቴፍ-ቢ የሚባለውን ማሽን ይሠራል። ጂኑም ያለው በ12ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሁለቱ እንቆቅልሾች በአንድ ጊዜ ተፈቱ። ቀለበቱን የሚነካው ታት ከሳይክሊን ቲ1 ጋር ሆኖ ነው፤ ታት ብቻውን በተሞከረ ጊዜ ቀለበቱ ሥራ ፈት የመሰለው ለዚህ ነው። የአይጡ ሳይክሊን ቲ1 ደግሞ በ261ኛው ቦታ ላይ በሲስቴን ፋንታ ታይሮሲን አለው፤ በዚህች አንዲት ልዩነት ምክንያት ከታትና ከታር ጋር በአግባቡ መጣመር ያቅተዋል። የአይጡን ታይሮሲን በሲስቴን ሲተኩት ታት በአይጥ ህዋስም ይሠራል።

የዚህ ጥምረት ጥቅም ከመያዝም ያልፋል። ታት በሌለበት የግልበጣው ማሽን ከታር ብዙ ሳይርቅ ይቆማል፤ የሚወጡትም አጫጭርና የማይረቡ ግልባጮች ናቸው። ታት ፒ-ቴፍ-ቢን ሲያመጣ ሲዲኬ9 በግልበጣው ማሽንና በያዙት ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ እገዳው ይነሳል፣ ግልበጣው እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በላቦራቶሪ ሙከራ የሚታየው ጭማሪ እስከ መቶ እጥፍ ይደርሳል።

የታት ብቻውን መሆን ምን ያህል እንዳሳሳተ ሙሉ በሙሉ የታየው በ2010 የታሂር ታሂሮቭ ቡድን የታትንና የፒ-ቴፍ-ቢን ክሪስታል ሲያወጣ ነው። ታት ለብቻው ሲሆን ቋሚ ቅርጽ የለውም፤ ልቅ ነው። ሳይክሊን ቲ1 ላይ ሲቀመጥ ግን ዚንክ ይዞ ይታጠፍና በላዩ ላይ ይጣበቃል። በ2018 ኡርሱላ ሹልዘ-ጋህመን እና ጄምስ ኸርሊ ታርን ጨምረው ሲያዩ፣ ቀለበቱ በታትና በሳይክሊን ቲ1 መገናኛ ላይ አረፈ፤ እብጠቱን ደግሞ የታት አርጂኒኖች ያዙት። ለእኔ የዚህ መስክ ትልቁ ትምህርት እዚህ አለ። አጫጭር የታት ቁራጮችን እየሠሩ ታር ላይ መሞከር ብዙ አስተምሯል፤ የአርጂኒኗ ምስጢር የተገኘው በዚያ መንገድ ነው። ግን ለአሥር ዓመት ያህል ግማሹን ጥያቄ እንደ ሙሉ ጥያቄ አስቆጥሮናል።

በነገራችን ላይ ታት ይህን ዘዴ ከባዶ የፈጠረው አይመስልም። በጤነኛ ህዋስ ውስጥ ከፒ-ቴፍ-ቢ ብዙው ክፍል 7ኤስኬ በሚባል፣ 330 ኑክሊዮታይድ ገደማ በሆነ የህዋሱ አርኤንኤ ታስሮ ይቀመጣል፤ ይህ የታወቀው በ2001 ነው። እስሩን የሚያጠብቀው ሄክሲም1 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ እሱም 7ኤስኬን የሚይዘው በአርጂኒን በበዛ ክፍል ሲሆን ክፍሉ የታትን በጣም ይመስላል። የጁሊ ፋይጎን ቡድን በ2018 እንዳሳየው፣ በ7ኤስኬም በታርም ላይ አርጂኒን በቤዞች መካከል ተጨምቃ የምትቀመጥበት አንድ ዓይነት አያያዝ አለ። ታት የሄክሲም1ን ቦታ ቀምቶ ፒ-ቴፍ-ቢን ከ7ኤስኬ ያስፈታል፤ ከዚያ ወደ ታር ይወስደዋል። ቫይረሱ የህዋሱን አሠራር ኮርጆ በባለቤቱ ላይ ተጠቅሞበታል።

የሬቭ ነገር ሌላ መልክ አለው። ህዋሱ አርኤንኤው ተቆርጦና ተቀጥሎ ሳያልቅ ከኒውክለስ አያስወጣም። ኤችአይቪ ግን ያልተቆረጠውን ግልባጭም ይፈልገዋል፤ አዲሱ ቫይረስ ውስጥ የሚታሸገው ጂኖም እሱ ነውና። በ1989 የማይክል ማሊም እና የብራያን ከለን ሥራ እንዳሳየው፣ ሬቭ አርአርኢ የሚባለውን ክፍል ይዞ ያልተቆረጠውን አርኤንኤ ያስወጣል። አርአርኢ 350 ኑክሊዮታይድ ገደማ ሲሆን ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ሬቭ በ116 አሚኖ አሲዶቹ መካከል እሱም አርጂኒን የበዛበት ክፍል አለው፤ የታት ወንድም ነው ቢባል ያስኬዳል። አያያዙ ግን አይመሳሰልም።

የመጀመሪያዋ ሬቭ የምታርፈው ሁለት-ቢ በሚባለው ቅርንጫፍ ላይ ነው። በ1991 ዴቪድ ባርቴል፣ ጃክ ሾስታክ እና ባልደረቦቻቸው በዚህ ቅርንጫፍ ላይ ቤዞቹን በዘፈቀደ እያቀያየሩ፣ ሬቭ የሚይዛቸውን ብቻ እየለዩ መረጡ። ውጤቱ ብልህ ነበር፦ በአንድ ቦታ ላይ ጂ ከጂ ጋር መጣመር ነበረበት፤ ሊተካው የቻለው ደግሞ ኤ ከኤ ጋር ነው። እነዚህ ሁለት ጥንዶች የተለያዩ ፊደሎች ቢሆኑም የአርኤንኤውን ጀርባ የሚያስቀምጡት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሬቭ በዚያ ቦታ የምትፈልገው ፊደሉን ሳይሆን ፊደሎቹ የከፈቱትን ስፋት ነው። በ1996 የወጣው የኤንኤምአር ምስል ይህን አጸናው፤ የሬቭ ክፍል ቀጥ ያለ ጥምዝ ሆኖ በሰፋው ቦይ ውስጥ ጠልቆ ገብቷል። አንዲት አስፓራጂን ከጂ-ኤ ጥንድ ጋር ገጥማለች፤ አርጂኒኖቹ ግራና ቀኝ ቤዝና ፎስፌት ይዘዋል።

ግን አንዲት ሬቭ ብቻዋን አታስወጣም። የሬቭ ጉዳይ እንደ ደቦ ነው፤ የመጀመሪያዋ ቦታውን ይዛ ሌላዋን ትጠራለች፣ ሁለተኛዋም ሦስተኛዋን፣ እስከ ስድስትና ከዚያ በላይ። እያንዳንዷ ለብቻዋ ብትመጣ አያያዟ ደካማ ነው፤ ጎረቤቷን ይዛ ስትመጣ ግን ይጠነክራል። ምርጫው የሚጠራውም እንዲህ ነው፦ አንድ የአርኤንኤ ቦታ ሁለት-ቢን በአጋጣሚ ቢመስል እንኳ ሌሎቹ የሚያርፉበት ቦታ በትክክለኛው ርቀት ካልተገኘ ቡድኑ አይሰባሰብም። በ2010 የወጡት ክሪስታሎች ሁለት ሬቮች የሚገናኙበትን ገጽ አሳዩ። በ2014 ደግሞ የፍራንክል ቡድን አርኤንኤው ሲኖር በሁለቱ ሬቮች መካከል ያለው ማዕዘን እንደሚለወጥ አገኘ። ፕሮቲኖቹ አርኤንኤውን ያስተካክላሉ ብለን ስንጠብቅ አርኤንኤውም ፕሮቲኖቹን ያስተካክላል።

በ2013 በኤክስሬይ ብትነት የተሠራ ጥናት አርአርኢ ሙሉው የላቲን ኤ ፊደልን እንደሚመስል፣ ሁለቱ እግሮቹም ለሬቮች በሚመች ርቀት እንደቆሙ አቀረበ። ሐሳቡ ማራኪ ነው። ቢሆንም ይህ ዘዴ የሚሰጠው ጥላ እንጂ ዝርዝር ስላልሆነ ከአተም ደረጃ ምስል እኩል አላየውም። የተሰባሰቡት ሬቮች በጅራታቸው በኩል ክሪም1 የተባለውን የህዋሱን የማስወጫ ፕሮቲን ይጠራሉ፤ በዚህም አርኤንኤው ከኒውክለስ ይወጣል።

ከኤችአይቪ ውጭ ያሉትን ባጭሩ እንለፋቸው። የከብት ኤችአይቪ ዘመድ የሆነው ቫይረስ ታቱ ታርን የሚይዘው ጥምዝ ሆኖ ሳይሆን እንደ ፀጉር መርፌ ተጣጥፎ ነው። ላምዳ የተባለው ባክቴሪያ አጥቂ ቫይረስ ኤን የሚሉት ፕሮቲን ደግሞ የጎበጠ ጥምዝ ይሆናል። ከሁሉ የሚያስደንቀው በ1964 በኢንዶኔዥያ ባሊ ደሴት ከብቶች ላይ የታየው የጀምብራና በሽታ ቫይረስ ነው፤ የእሱ ታት የሰውን ኤችአይቪ ታርም የከብቱን ታርም ይይዛል፣ ቅርጹንም እንደያዘው አርኤንኤ ይለዋውጣል። ሁሉም አርጂኒን የበዛባቸው ክፍሎች ናቸው፤ አንድ የጋራ ቅርጽ ግን የላቸውም። «የአርጂኒን ክፍል» የሚለው ስም ስለ ንጥረ ነገሩ እንጂ ስለ አሠራሩ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ታዲያ ማን ማንን ይቀርጻል? ለረጅም ጊዜ የተነገረው አርጂኒን መጥታ ታርን አዲስ ቅርጽ ታስይዘዋለች የሚል ነበር። በ2007 የሃሺም አል-ሃሺሚ ቡድን ግን ታር ብቻውን እያለም ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ አሳየ። ሁለቱ የግንድ ክፍሎች እየተጠማዘዙና እየተቃኑ ብዙ አቋሞችን ይጎበኛሉ፤ የተለያዩ ሞለኪውሎች ሲይዙት የሚታዩት አቋሞች በዚህ ጉዞ መንገድ ላይ ያሉ ናቸው። በዚህ እይታ ፕሮቲኑ አርኤንኤው ከሚያውቃቸው አቋሞች አንዱን ይመርጣል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። እኔ ሁለቱን እንደ ተቃራኒ አላያቸውም፤ ታር ቀድሞ ወደ ጎረቤት አቋም ይደርሳል፣ የመጨረሻዋን ማስተካከያ አርጂኒኗ ትጨምራለች።

ይህ ተለዋዋጭነት የመድኃኒት ፈላጊዎችን ያደከመ ነገር ነው። ዛሬ ፈቃድ ያላቸው የኤችአይቪ መድኃኒቶች የሚመቱት የቫይረሱን ኢንዛይሞች፣ ወደ ህዋስ መግቢያውን፣ ከ2022 ወዲህም ቅርፊቱን ነው። ታትንና ሬቭን የሚመታ አንድም የለም። ኒዮማይሲን የተባለው የታወቀ አንቲባዮቲክ ሬቭን ከአርአርኢ እንደሚያላቅቅ በ1993 ታይቷል፤ ግን ሌሎች አርኤንኤዎችንም ስለሚይዝ ለዚህ አይሆንም። ታትን ያግዳል የተባለ አንድ ውህድ በ1990ዎቹ እስከ ሕሙማን ሙከራ ደርሶ በቫይረሱ ላይ ምንም ለውጥ ሳያመጣ ቀረ። የተሻለ ተስፋ ያሳየው ከባሕር ሰፍነግ ከተገኘ ውህድ የተሠራው ዲዲሃይድሮ-ኮርቲስታቲን ነው። ይህ የሚይዘው ታርን ሳይሆን የታትን የአርጂኒን ክፍል ራሱን ነው፤ ዓላማውም ቫይረሱን መግደል ሳይሆን ግልበጣውን ዘግቶ እንዲያንቀላፋ ማድረግ ነው። የሚለዋወጥ አርኤንኤን ከመያዝ ለመያዝ የተዘጋጀውን ክፍል መሸፈን የሚል አካሄድ ነው፤ ከላይ ካየነው ጋር ሲመዘን ምክንያታዊ ይመስለኛል።

እስካሁን የጠቀስኳቸው የመዋቅር ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በአሜሪካና በአውሮፓ በሚበዛው ንዑስ ዓይነት ቢ ፕሮቲኖችና አርኤንኤዎች ላይ ነው። በኢትዮጵያ፣ በደቡባዊ አፍሪካና በህንድ የሚበዛው ግን ንዑስ ዓይነት ሲ ነው፤ በዓለም ካሉት ኢንፌክሽኖችም ወደ ግማሽ የሚጠጋው የእሱ ነው። ሙሉ ጂኖማቸው ቀድሞ ከተነበቡት የሲ ቫይረሶች አንዱ ከኢትዮጵያ የተገኘና በ1996 የታተመ ናሙና ነበር። የዚህ ንዑስ ዓይነት ታር ሦስት ቤዝ ያለውን እብጠት፣ ታቱ የአርጂኒን ክፍሉን፣ ሬቩም ጥምዙን እንደያዙ ናቸው፤ ስለ አያያዙ የተማርነው በአመዛኙ ለእሱም ይሠራል። ሬቩ ላይ ግን ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አለ፦ የማቆሚያ ምልክቱ ቀድሞ ስለሚመጣ ፕሮቲኑ ከቢው ያጠረ ነው። የቀረው ክፍል አርኤንኤ ከሚይዘው ቦታም ክሪም1ን ከሚጠራውም በኋላ ያለው ጅራት ነው። የ2010ዎቹ ክሪስታል ሠሪዎችም ሬቭ በቀላሉ ክሪስታል ስለማይሆንላቸው ከሥራቸው ያስቀሩት ይህንኑ ልቅ የሆነ የኋላ ክፍል ነበር።